የልጅ ስም የማን ነው?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ እኔ 39 ዓመት ሙሉ በየማለዳው ያደረግሁት አንድ ሥራ ቢኖር ስም መጥራት ነው። መዝገቡን እገልጣለሁ፤ እጠራለሁ፤ ልጁም «አቤት» ይላል። ይህን ያህል ዘመን ስም ሲጠራ የኖረ ሰው ስም ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ይመስለዋል። እኔም የማውቅ መስሎኝ ነበር። አለማወቄን ያስተማረኝ ግን ራሴ በመዝገብ ላይ የጻፍሁት አንድ ስም ነው። ታሪኩን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ አስቀድሜ ነገሩን ላስረዳ።

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲሉ የተናገሩት ስለ ሰው ዝና ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ዝና አይደለም። ሕፃን በተወለደ ጊዜ በገዛ ስሙ ላይ ስለሚጨመረው ስለ ሁለተኛው ስም ነው። ጥያቄዬም ይህ ነው። የሕፃን የአባት ስም ወላጆች እንደ ወደዱ የሚመርጡትና ሲያሻቸው የሚለውጡት ነገር ነውን? ሕግስ ስለዚህ ምን ይላል? ሕግ ከሚለው በላይስ ኅሊና ከእኛ ምን ይጠይቃል?

በመጀመሪያ የእኛን ልማድ እንመልከት። በአገራችን ሰው የሚጠራው በገዛ ስሙና በአባቱ ስም ነው፤ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሲሆን የአያቱ ስም ይጨመርበታል። የአባት ስም ከአባት ወደ ልጅ አንድ እርምጃ ብቻ ይሻገራል እንጂ፥ እንደ አውሮፓውያን ስም ሳይለወጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ አይወርድም። ሴትም ባል ስላገባች የአባቷን ስም አትጥልም። ስለዚህ ባንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ አባት፥ እናትና ልጆች ሦስት ልዩ ልዩ የአባት ስም ይኖራቸዋል።

እኔ ልጅ ሆኜ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር፥ አንዲት የውጭ አገር አስተማሪ ይህን ነገር ሊገባቸው አልቻለም ነበር። አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርተው በታላቅ ርኅራኄ፥ «ልጄ፥ እናትህና አባትህ በሕግ የተጋቡ አይደሉም ወይ? ስማቸው ለምን ተለያየ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም እናቴ የአያቴ ልጅ እንጂ የባሏ ልጅ አለመሆኗን አስረዳኋቸው። እሳቸውም ብዙ ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያም እኛን ስለ ልማዳችን መጠየቅ አበዙ። ከዚያ ቀን የተማርሁት፥ ለአንዱ ሕዝብ ፀሐይ እንደ መውጣቷ የታወቀው ነገር ለሌላው እንቆቅልሽ መሆኑን ነው።

ሕዝቦች ሁሉ በዚህ ነገር ባንድ መንገድ አልሄዱም። ቱርኮች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1934 ድረስ በሕግ የታዘዘ የቤተ ዘመድ ስም አልነበራቸውም፤ በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ ግን እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲይዝ ታዘዘ። የአይስላንድ ሕዝብ ደግሞ እንደ እኛ ልጅን በአባቱ የገዛ ስም ይጠራል፤ ለወንዱ «የእገሌ ወንድ ልጅ»፥ ለሴቲቱም «የእገሌ ሴት ልጅ» በማለት። ይህም ልማዳቸው እንዳይጠፋ በ1925 ሰው አዲስ የቤተ ዘመድ ስም እንዳያወጣ በሕግ ከለከሉ። እንግዲህ አንደኛው መንግሥት የቤተ ዘመድ ስም ያዙ ብሎ አዘዘ፤ ሁለተኛው አትያዙ ብሎ ከለከለ። ፈረንሳዮችም በ1794 ማንም ሰው በልደት ወረቀቱ ከተጻፈው ሌላ ስም እንዳይዝ የሚል ሕግ አወጡ፤ ልጅም ለብዙ ዘመን በአባቱ ስም ብቻ ሲጠራ ከኖረ በኋላ፥ ከ2005 ጀምሮ ወላጆች የአባትን ወይም የእናትን ወይም የሁለቱን ስም እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ ስም የሚወርድበት መንገድ ከሰማይ የወረደ አለመሆኑን ነው። የሰው ልማድ ነው፤ ልማድም በዘመን ይለወጣል። ነገር ግን በልማዶቹ ሁሉ ውስጥ የማይለወጥ አንድ ቁም ነገር አለ። ይኸውም ሁለተኛው ስም ልጁን «አንተ ከዚህ ሰው ወገን ነህ፤ ስለ አንተም የሚጠየቀው እርሱ ነው» የሚለው መሆኑ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ሕግ እንመለስ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ. ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ. ም. ጀምሮ ጸና። ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ የፈረንሳይ አገር የሕግ ሊቅ ነበሩ። ይህ ሕግ ከአንቀጽ 32 ጀምሮ ስለ ስም ይናገራል። እያንዳንዱ ሰው ከገዛ ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው አሰበ። ልጅ የአባቱን የቤተ ዘመድ ስም እንዲይዝ፥ አባቱ ያልታወቀ እንደ ሆነ ግን የእናቱን እንዲይዝ ወሰነ። የቤተ ዘመድ ስም ግን በሕዝቡ ዘንድ ሥር አልሰደደም። ይኸው ሕግ ራሱ ስለ ክብር መዝገብ የደነገጋቸውን አንቀጾች በልዩ ትእዛዝ እስኪገለጽ ድረስ ሥራ ላይ እንዳይውሉ አቆያቸው፤ ሕዝቡም በቀድሞ ልማዱ በገዛ ስሙ፥ በአባቱና በአያቱ ስም እየተጠራ ኖረ።

ስለዚህ ለብዙ ዘመን የአንድ ኢትዮጵያዊ ሕፃን ስም የሚታወቀው በእናቱ አፍ፥ በክርስትና አባቱ ወይም በሰፈር ሽማግሌ ምስክርነት ነበር። በጽሕፈት የሚሰፍረውም ብዙውን ጊዜ ልጁ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ነበር፤ የሚጽፈውም አስተማሪ ነበር። በኋላ በ1987 ዓ. ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት እንዳለው አረጋገጠ። በዚያው አንቀጽ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለውም ተናገረ። በ2004 ዓ. ም. የልደት፥ የጋብቻ፥ የፍችና የሞት ምዝገባ አዋጅ ወጣ፤ ልደትም በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ወሰነ፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ. ም. መጨረሻ ተጀመረ።

ስምን ስለ መለወጥስ? የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ይህን ለወላጅ ፈቃድ ብቻ አልተወውም። የሚፈልገው ሰው ለዳኛ ያመለክታል፤ ዳኛውም በቂ ምክንያት መኖሩን፥ ለውጡም ሌላውን ሰው የማይጐዳ መሆኑን ይመረምራል። ስም መስጠት ቀላል፥ መለወጥ ግን አስቸጋሪ እንዲሆን የተደረገው በከንቱ አይደለም። ስም እንደ ልብስ የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ዕዳ የሰጠው ሰው፥ ወራሽ፥ ሚስት፥ ልጆች፥ መንግሥትም ሁሉ ሰውን የሚያውቁት በእርሱ ነው። ስም በየቀኑ ቢለወጥ ሰው ከተስፋ ቃሉ ማምለጥ ይችል ነበር።

አሁን ታሪኬን ልንገራችሁ። በ1975 ዓ. ም. በመስከረም ወር ተማሪ ስመዘግብ፥ አንድ ነጋዴ የሰባት ዓመት ልጅ እጁን ይዞ መጣ። የልጁን ስም ነገረኝ። «ያባቱስ ስም?» አልሁት። የገዛ ራሱን ስም ነገረኝ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና በቀስታ፥ «አባዬ ያለው እኮ አገር ቤት ነው» አለ። እኔም ከኋላ ረጅም ሰልፍ ነበረና፥ «ዝም በል፤ ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ አያቋርጥም» አልሁትና ጻፍሁ። ሰውየው አጎቱ ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ልጁን ካገር ቤት ያመጣው ሊያስተምረው ነው፤ የራሴ ልጅ ነው ካላለ እንዳይመለስበት ፈርቶ ነው። ይህን ሁሉ በኋላ ዐወቅሁ።

ልጁ ጐበዝ ወጣ። አሥራ ሁለተኛን ክፍል በጨረሰበት ዓመት በትምህርት መዝጊያው በዓል ሽልማት ተሰጠው። በዚያ ቀን አንድ ገበሬ ጋቢውን ተከናንበው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ እኔም ከጎናቸው ነበርሁ። የልጁ ስም ከነአባቱ ስም በታላቅ ድምፅ ሲጠራ ልጁ ተነሥቶ ወደ መድረኩ ሄደ። ሽማግሌውም ወደ እኔ ዘወር ብለው፥ «የማን ልጅ ነው ያሉት?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ከሰዉ ጋር አጨበጨቡ። ወጣቶች ሆይ፤ በዕድሜዬ ብዙ ተግሣጽ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ጭብጨባ የገሠጸኝ ግን የለም።

ዓመታት አለፉ። በ1994 ዓ. ም. ሽማግሌው ሞቱ። ልጁም ያን ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ነበርና፥ ከእኅቶቹ ጋር ወራሽነቱን ለማስመስከር ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ወረቀቶቹ ሁሉ ግን የሌላ ሰው ልጅ ነው ይላሉ። ወደ እኔ መጥቶ፥ «ጋሼ፥ መሬቱንስ እኅቶቼ ይውሰዱት። እኔ የምፈልገው ስሙን ነው» አለኝ። አጎቱ በሕይወት ነበረ፤ ነገሩን በሰማ ጊዜም አለቀሰ። «አሳደግሁት፥ አስተማርሁት፤ ምን በደልሁትና ስሜን ይጥላል?» አለ። በዚህ ጊዜ ልጁ መንታ መንገድ ላይ ቆመ። ወልዶት የሞተውን አባቱን ቢመርጥ ያሳደገውን ያስቀይማል፤ ያሳደገውን ቢመርጥ የወለደውን ሁለተኛ ጊዜ ይክዳል።

ምን ተደረገ ብትሉኝ፥ ልጁ ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት ሦስት ወር ጠበቀ። በየሰንበቱ አጎቱ ዘንድ እየሄደ ቡና ይጠጣ ነበር፤ ስለ ነገሩም አላነሣም። በመጨረሻ አጎቱ ራሱ፥ «እንሂድ፤ እኔው ራሴ እመሰክራለሁ» አለው። በችሎቱም ፊት ቆሞ፥ «ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ የወለደው ግን ወንድሜ ነው» ብሎ መሰከረ። እኔም ተከትዬ፥ ልጁ እውነቱን ነግሮኝ ሳለ አልሰማ ብዬ የጻፍሁት እኔ መሆኔን ተናገርሁ። ዳኛውም ፈቀደ። የምስክር ወረቀቶቹ ግን በቀድሞው ስም ስለ ነበሩ፥ ያ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ ሥራ በጠየቀበትና ጉዳይ ባለው መሥሪያ ቤት ሁሉ የፍርዱን ግልባጭ አብሮ ይዞ ይዞራል። እኔ ባንድ ደቂቃ የጻፍሁትን እርሱ ዕድሜ ልኩን ያስረዳል።

ከዚህ በመነሣት ማንም ሰው የልጅን የአባት ስም በምንም ምክንያት መንካት የለበትም የሚል ሰው ይኖራል። እኔም ብዙ ዘመን እንዲህ አስብ ነበር። አሁን ግን ነገሩን ሳመዛዝነው፥ ክፋቱ በመለወጡ ላይ ሳይሆን በመደበቁና የልጁን ቃል ባለመስማት ላይ መሆኑን ተረድቻለሁ። እስቲ ሦስት ዓይነት ጉዳይ እንመልከት።

አንደኛው፥ አባቱ ትቶት የሄደ ሕፃን ነው። እናቱ፥ «አንድ ቀን እንኳ ያላጐረሰውን ሰው ስም ልጄ ለምን ይሸከማል? የእኔን አባት ስም ይያዝ» ትላለች። ይህችን እናት ሐሰተኛ ናት ልንላት አንችልም። አባት ያልታወቀ እንደ ሆነ ሕጉ ራሱ ወደ እናት ወገን ይመራል። አባት ታውቆ ሳለ ግን የጠፋ እንደ ሆነ፥ እናት ራሷን መጠየቅ ያለባት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይህን የማደርገው ለልጄ ነው ወይስ ሰውየውን ለመበቀል?» ስም ለአባት የሚሰጥ ሽልማት አይደለም፤ ስለዚህ ለቅጣት ብሎ መንጠቅም ትርጉም የለውም። ልጁ የወለደውን ሰው የማወቅ ጥቅም አለው፤ ቀለብ ለመጠየቅም፥ ለመውረስም፥ ሳያውቅ እኅቱን እንዳያገባም ይጠቅመዋል። ነገር ግን የዚያ ሰው ስም በልጁ ላይ አደጋ ወይም እፍረት የሚያመጣ ከሆነ፥ ዳኛ የተቀመጠው ለዚህ ነው። እናት የአያቱን ስም ብትሰጠው፥ እውነቱን ግን በልኩ ብትነግረው፥ ልጁ አልተበደለም። የማያውቀውን እንግዳ ሰው «አባትህ ነው» ብላ ብትሰጠው ግን ተበድሏል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና፥ አንድ ቀን ልጁ ይሰማል፤ ያን ጊዜ አባቱን ብቻ ሳይሆን እናቱንም ያጣል።

ሁለተኛው የማደጎ ልጅ ነው። ሕጋችን የማደጎ ልጅ የአሳዳጊውን ስም እንዲይዝ ይፈቅዳል። በ1992 ዓ. ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግም እንደ ቀድሞው ሁሉ፥ የማደጎ ልጅ ከተወለደበት ቤተ ሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይናገራል። ይህ ታላቅ ጥበብ ነው። ሕጉ ልጁን «ካንዱ ምረጥ» አላለውም፤ በአዲሱ ስም እየተጠራ የድሮውን ወገን እንዲያውቅ ተወለት። የእኔ ተማሪ አጎትም ይህን መንገድ ይዞ ቢሆን ኖሮ ምንም ነውር አልነበረበትም።

ሦስተኛው በባዕድ አገር የሚወለዱ ልጆቻችን ጉዳይ ነው። ወደ አሜሪካ የሄደ ኢትዮጵያዊ አባት በወረቀት ላይ የመጨረሻ ስሙ የአባቱ ስም ነው። ልጅ ሲወለድለት ያው ስም ለልጁ ይሰጠዋል፤ እንዲህም ሆኖ አያት በአባት ቦታ ይገባል። ከአባቷ ዘንድ አዲስ አበባ የቀረችው ታላቂቱ ልጅ ግን በአባቷ ስም ስለምትጠራ፥ የአንድ አባት ልጆች በወረቀት ላይ ሁለት ቤት ይመስላሉ። በዚያ አገር በአብዛኛዎቹ ክፍላተ ግዛት ወላጆች ለሕፃን የመጨረሻ ስም የመምረጥ ሰፊ ነፃነት አላቸው፤ በአባትና በእናት መካከል ክርክር ቢነሣ ግን ዳኞች የሚመለከቱት ለልጁ የሚበጀውን ነው። በ1977 እና በ1983 ዓ. ም. ወደ እስራኤል ለተወሰዱት ወገኖቻችን ደግሞ፥ ከመካከላቸው ለብዙዎቹ ተቀባዮቹ የዕብራይስጥ ስም አወጡላቸው፤ ካደጉ በኋላ እናታቸው ወዳወጣችላቸው ስም የተመለሱ አሉ። እንዲህ ያለውን ለውጥ ክህደት ማለት አይገባም። አገሩ እንደ አገሩ ነው። የሚገባው ግን ልጁን፥ «ይህ የአያትህ ስም ነው፤ አባትህ እኔ ነኝ፤ እንዲህ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ ማስረዳት ነው።

ለጉዞ ፈቃድ ሲባል የወንድምን ወይም የጎረቤትን ልጅ «የእኔ ነው» ብሎ ማስመዝገብ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ልጁን ለመጥቀም ብለው ነው። ነገር ግን ዛሬ የደም ዝምድና በምርመራ ይታወቃል፤ የተገኘ እንደ ሆነ አሳቢው ሰውም ልጁም ይጐዳሉ። ያልተገኘ እንደ ሆነም ልጁ ባወጣው ወረቀት ሁሉ ላይ ሐሰቱን በእጁ እየፈረመ ይኖራል። ሐሰቱን ያመጣው ትልቁ ሰው ነው፤ የሚሸከመው ግን ልጁ ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ልስጥ። የልጅ ስም የአባት አይደለም፤ የእናትም አይደለም፤ የመዝጋቢውም አይደለም። የልጁ ነው። ልጁ ግን በተወለደ ጊዜ መናገር ስለማይችል ለጊዜው በአደራ ይዘንለታል። አደራ ያለበት ሰውም ሦስት ነገር ይጠበቅበታል። አንደኛ፥ እውነቱን እንዳያጠፋ፤ ሁለተኛ፥ በራሱ ቁጣና ጥቅም ሳይሆን በልጁ ጥቅም እንዲፈርድ፤ ሦስተኛ፥ ልጁ አፍ ሲፈታና ማስተዋል ሲጀምር እንዲሰማው ነው። የዓለም መንግሥታት በ1989 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተስማሙበት የሕፃናት መብት ስምምነትም፥ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ስም እንዲኖረው፥ በተቻለ መጠን ወላጆቹን እንዲያውቅ፥ በሚነካው ነገርም ቃሉ እንዲሰማ ይደነግጋል። እኔ በ1975 ዓ. ም. ያን ሰልፍ አይቼ የረሳሁት ይህን ሦስተኛውን ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አንተም ነገ አባት ወይም እናት፥ ወይም ጸሓፊ፥ ወይም ዳኛ ትሆናለህ። ሕፃን ሲወለድልህ ጊዜው ሳያልፍ አስመዝግብ። ፊደሉን አንድ በአንድ ተመልከት፤ የተሳሳተ ፊደል ለማቃናት በኋላ ብዙ ደጅ ያስጠናል። በትምህርት ቤትም አባቱ ያልታወቀ ጓደኛ ካለህ፥ በስሙ አታላግጥበት፤ ስሙን የመረጠው እርሱ አይደለምና። የገዛ ስምህ ታሪክ ተደብቆብህ እንደ ሆነም፥ የደበቁህን ሰዎች ለመክሰስ አትቸኩል። አስቀድመህ ለምን እንዳደረጉት ጠይቅ፤ ምናልባት ከፍቅር የተነሣ የተሠራ ስሕተት ሆኖ ታገኘዋለህ። ከዚያ በኋላ ግን እውነቱን ለማቅናት አትፍራ።

እኔ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ መዝገቡንም ሌላ ሰው ይጠራል። ያ ተማሪዬ ባለፈው ዓመት የበኵር ልጁን ልደት ሊያስመዘግብ ሲሄድ አብሬው እንድሄድ ለመነኝ። ጸሓፊዋ «ያባት ስም?» አለች፤ ስሙን ተናገረ። «ያያትስ ስም?» አለች። እርሱም ወደ እኔ ዘወር ብሎ አየና፥ ያን የገበሬውን ስም ቀስ ብሎ፥ ፊደል በፊደል ነገራት።